ደብተሩ ሙሉ ራይት ነው፣ ልጄ ግን አያነብም። የግል ወይስ የመንግሥት ትምህርት ቤት?

የበኩሬ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የመጀመሪያ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። የሚማረው የግል ትምህርት ቤት ነው። ከሌላ ወጪያችን ቀንሰን ነው የምንከፍለው፤ አንድም ቀን ቆጭቶን አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ገልጬ አየሁት። ጽሑፉ ያምራል። በየገጹ ቀይ ራይት አለ፤ ከሥሩ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል። ደስ ብሎኝ «እስኪ ይሄን አንብብልኝ» አልኩት። ሳይደናቀፍ አነበበልኝ። ከዚያ መሀል ላይ ያለች አንዲት ቃል በጣቴ ነክቼ «ይቺስ ምን ትላለች?» ስለው ዝም አለ። ከንፈሩን አየሁት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በሹክሹክታ እየወረደ ነው። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ ነገረኝ።

አያነብም። ሸምድዶታል። ከሰሌዳ ገልብጧል፣ ክፍል ውስጥ በጋራ ሲሉት በቃሉ ይዞታል።

የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘንድሮ ሦስተኛ አስተማሪው ናት፤ ሁለቱ ዓመቱ ሳያልቅ ለቀዋል። ባለቤቴ «የመንግሥት ይግባ፣ ቢያንስ እዚያ አስተማሪዎቹ የሠለጠኑ ናቸው» ይላል። እህቴ ደግሞ «ጢም ብሎ የሞላ ክፍል ውስጥ ልትጥዪው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። እውነት የግል ይሻላል? የሚጨበጥ ነገር ያለው ሰው ይንገረኝ።

የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ አይዞሽ። ግን አንድ ደካማ ትምህርት ቤት ስለገጠመሽ የግል ትምህርት ቤትን በጅምላ አትውቀሺ። እኔ ሦስቱንም ያስተማርኩት በግል ነው። አንድ ጊዜ አስተማሪ ሁለት ቀን ቀረ። ደውዬ ጠየቅኩ፤ በማግስቱ ተተኪ ገባ። ስለምከፍል ይሰሙኛል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ማን ይሰማሻል? ውጤትም ከሆነ፣ በፈተና ከላይ የሚደረደሩት የየት ልጆች እንደሆኑ ተመልከቺ። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ቁጥር መርማሪ

የሦስት ልጆች አባት፣ ስለ መሰማት ያልከው ትክክል ነው፤ እመለስበታለሁ። በፈተና ውጤቱ ላይ ግን አልስማማም።

ሁለት ልጆች ሩጫ ላይ ናቸው እንበል። አንዱ ሃምሳ ሜትር ቀድሞ ተነሣ። ቀድሞ ስለገባ አሠልጣኙ ጎበዝ ነው ይባላል? የግል ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ብዙውን ጊዜ ቤቱ መጽሐፍ አለ፣ የተማረ ወላጅ አለ፣ ሲያቅተው አስጠኚ ይቀጠርለታል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት እንዲያውም ገና በር ላይ ፈትኖ ነው የሚቀበለው። ከዚያ ልጁ ያመጣውን ውጤት የራሱ ሥራ አድርጎ ማስታወቂያ ላይ ይለጥፈዋል።

ነገሩ የተጠና ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ጥናት ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ነበር። በልጆቹ መካከል የታየው የውጤት ልዩነት ከሕንፃና ከቁሳቁስ ይልቅ ከቤተሰባቸው ኑሮ ጋር ይበልጥ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከ2000 ጀምሮ 15 ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች በብዙ አገር የሚፈትነው ፒሳ የሚባል ዓለም አቀፍ ፈተናም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ጥሬ ውጤቱን ካየኸው የግል ተማሪዎች ይበልጣሉ። ኑሯቸው ከሚመሳሰል ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ግን ብልጫው በአብዛኛው ቦታ ይጠፋል። በ2018ቱ የንባብ ፈተና፣ ኦኢሲዲ በሚባለው፣ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ባሉበት ማኅበር አማካይ ሲታይ፣ እንዲያውም ብልጫው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ዞሯል።

ከሁሉም የሚያሳምነኝ ግን የህንዱ ጥናት ነው። አንድራ ፕራዴሽ በሚባለው ግዛት፣ በ180 መንደሮች፣ ከ2008 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዕጣ ወጣላቸው። ዕጣ የደረሰው ልጅ ክፍያው ተሸፍኖለት የግል ትምህርት ቤት ገባ። የለየው ዕጣ ስለሆነ «ቤተሰቡ ስለሚያግዘው ነው» የሚባል ነገር የለም። ከአራት ዓመት በኋላ ተፈተኑ። በአካባቢው ቋንቋ በቴሉጉና በሒሳብ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። በሂንዲ የግሎቹ በለጡ። ምክንያቱም የግል ትምህርት ቤቶቹ ከቴሉጉና ከሒሳብ ሰዓት ቀንሰው ለሂንዲ ሰጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብበት። የግሎቹ አስተማሪዎች ሥልጠናቸው ያነሰ፣ ደመወዛቸው ከመንግሥት አስተማሪ አንድ ስድስተኛ የማይሞላ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚወጣው ወጪም ከመንግሥቱ አንድ ሦስተኛ አይደርስም። ሆኖም ብዙም አይቀሩም፤ ክፍል ሲገቡም ያስተምራሉ። መገኘት ብቻውን ያን ያህል የሥልጠና ጉድለት አካክሷል። ስለዚህ አንተ «ስለምከፍል ይሰሙኛል» ያልከው ነገር ክብደት አለው። ግን ያ ሁሉ ተደምሮ በሁለቱ ዋና ትምህርቶች ያስገኘው እኩል መሆንን ነው።

ጠመኔ በእጄ

ይሄን ውይይት ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የበኩሬ እናት፣ እኔ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ያንን ራይት የማደርገው እኔ ነኝ። የአንቺን ልጅ አይደለም፤ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ልጅ ደብተር ላይ አምስት ኤክስ አደረግሁ። አምስቱም ስህተት ነበሩ። ማታ እናትየው ደውላ «ልጄን ሞራሉን ነካሽው» አለች። በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። «ወላጅ ደብተር ሲያይ ደስ ይበለው፤ ያላወቀውን በቃል አስረጂው» ተባልኩ። ሠላሳ ስምንት ልጅ ነው ያለኝ፤ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። በቃል የማስረዳው መቼ ነው? መልሱን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ እኔ ራይት አደርጋለሁ፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። ለዓመታት እንዲህ ሠርቻለሁ፤ ያማል።

የሚያሳዝነው፣ ትክክሉን አውቀዋለሁ። ኮሌጅ ሳለን ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ ሠርታ በ1988 ያሳተመችውን ጥናት ተምረናል። ተማሪዎቹ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ማርክ ብቻ ተሰጠው። አንዱ ምን እንደጎደለው የሚናገር አስተያየት ብቻ ተሰጠው። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። የተሻሻለው አስተያየት ብቻ ያገኘው ነው። ሁለቱንም ያገኘው ከማርክ ብቻው ቡድን አልተሻለም። ልጁ ማርኩን ካየ በኋላ አስተያየቱን አያነበውም ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ አስተያየት የሚባል ጭራሽ የለም፤ «በጣም ጥሩ» ብቻ።

ስለሚለቁት አስተማሪዎችም አንስተሻል። ትንሽ የተሻለ ደመወዝ ያገኘ ሁሉ ይሄዳል። እኔም ብጠራ እሄዳለሁ። የልጅሽ ሦስተኛ አስተማሪ ልጁ የት ላይ እንደቆመ የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሦስት ልጆች አባት

ጠመኔ በእጄ፣ እውነቱን ስለተናገርሽ አከብርሻለሁ። እኔም ምናልባት ከደወሉት ወላጆች አንዱ ነኝ። ስለ አስተማሪ መቅረት ብቻ አልነበረም የምደውለው። እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

ቢሆንም የመንግሥት ይሻላል የሚል አልሰማሁም። እኩል ነው የሚል ነው የሰማሁት። እኩል ከሆነ ልጄን ቢያንስ ንጹሕ መጸዳጃ ያለው ቦታ ልውሰደው።

የመንግሥት ፍሬ

እኔ ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። «ልትጥዪው ነው?» የምትለዋ ቃል ልቤን ነካችው። እዚያ የሚማሩት ልጆች የተጣሉ ናቸው ማለት ነው? እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች ጠመኔ ሲያልቅ በራሳቸው ገንዘብ ይገዙ ነበር።

መጸዳጃው ቆሻሻ ነው? አዎ፣ ብዙ ቦታ ቆሻሻ ነው። ግን ለምን እንደቆሸሸም እናውራ። መጮህ የሚችለው ወላጅ ሁሉ ልጁን ይዞ ወጥቷል። የቀረው ወላጅ ቢጮኽም አይሰማም፤ ወይም የመጮኽ ጊዜ የለውም። ቺሊ ይሄን በትልቁ ሞክራዋለች። በ1981 መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያወጣው ገንዘብ ወላጅ ወደመረጠው ትምህርት ቤት እንዲሄድ ፈቀደች፤ የግልም ቢሆን። ብዙ ልጅ ወደ ግል ሄደ። ነገር ግን ያንን ተከታትለው ያጠኑ ሰዎች የአገሪቱ አማካይ ውጤት በዚያ ምክንያት ማደጉን የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ያዩት መለያየት ነው። የተሻለ ኑሮ ያላቸው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጡ፣ ድሆቹ ቀሩ። በ2015 ሕግ አውጥተው፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪ እንዳይመርጡ፣ ትርፍ እንዳያካብቱ፣ ከወላጅ የሚጠይቁትም ክፍያ ቀስ በቀስ እንዲቀር አደረጉ።

ፊንላንድን ደግሞ እዩ። ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት የለም ማለት ይቻላል። የሐኪምም የሹፌርም ልጅ አንድ ክፍል ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ግዴታ ያደረጉት በ1979 ነው። ሁሉም ወላጅ ልጁ እዚያው ስላለ ነገሩ ያገባዋል።

የሦስት ልጆች አባት

ወንድሜ፣ ያልከው ለአገር ይጠቅም ይሆናል። እኔ ግን ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስድስት ዓመት የሚሆነው። ሥርዓቱ እስኪስተካከል እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ልልህ አልችልም። የትኛውም አባት አይልም።

የመንግሥት ፍሬ

ይሄን እቀበላለሁ። ለዚህ መልስ የለኝም። የእኔም ልጅ በቅርቡ ትምህርት ይጀምራል፣ እኔም እየፈራሁ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ። ከሁለቱም ወገን እውነት ሰማሁ። አንድ ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ጥፋታችንን ልናገር። እንቀር ነበር። ሁላችንም አይደለንም፣ ሁልጊዜም አይደለም፤ ግን እንቀር ነበር። ደመወዝ ልንቀበል፣ ስብሰባ ስንባል፣ አንዳንዴም ማንም ስለማይጠይቀን። ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ወር የተቋረጠ ንባብ ስንት ዓመት እንደሚከተል አይቻለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሆኖ ቃል እየቆራረጠ የሚያነብ ልጅ አስተምሬአለሁ። እሱ ደደብ አልነበረም። የሆነ ቀን የሆነ ሰው ሳያየው አልፎታል፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም በላዩ ላይ አዲስ ትምህርት እየጫነ ሄደ።

ሁለተኛ፣ ስለ ደብተር። ስልሳ ሁለት ልጅ ነበረኝ። በየቀኑ የሁሉንም ማረም አልችልም፤ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ በረድፍ ከፈልኳቸው። ሰኞ የአንደኛውን ረድፍ፣ ማክሰኞ የሁለተኛውን እሰበስባለሁ። ራይትም ኤክስም አላደርግም ነበር። ከተሳሳተው ቃል ሥር መስመር ብቻ። ልጁ ራሱ ፈልጎ ከታች አስተካክሎ ይጽፈዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ሲደርስ ጽፎ እንደሆነ አያለሁ። ካልጻፈ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ይህን ለማድረግ ብር አያስፈልግም። ርእሰ መምህሬ ግን አንድም ቀን ደብተር አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው የትምህርት ዕቅዴን ወረቀት ነበር። ዕቅድ ሳይኖረኝ ቀርቶ ተቀጥቻለሁ። ልጅ ሳያነብ ቀርቶ የተቀጣ አስተማሪ ግን አላየሁም።

ልጄ፣ አንቺን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤት ሂጂ። ሕንፃውን ተዪው። «ከዓመቱ መጀመሪያ የተጻፈ የአንድ ልጅ ደብተር አሳዩኝ» በያቸው። ከዚያ ስህተቱን ፈልጊ። ስህተት ጭራሽ ከሌለው ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው። ስህተት ኖሮት ቀይ ምልክት ብቻ ካለው ማንም አልተመለሰበትም። ስህተቱ ከታች በልጁ እጅ ተስተካክሎ ካገኘሽው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አስተማሪ አለ።

ቁጥር መርማሪ

መምህር፣ ስለ መቅረት የተናገሩት በቁጥርም ይታወቃል። በ2006 የታተመ ጥናት በባንግላዴሽ፣ ኢኳዶር፣ ህንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፔሩና ኡጋንዳ ሳይነገራቸው ትምህርት ቤቶችን ጎብኝቶ ነበር። በአማካይ 19 በመቶ የሚሆኑት አስተማሪዎች አልነበሩም፤ ህንድ ውስጥ 25 በመቶ። ከአራት አንድ ማለት ነው።

የበኩሬ እናት፣ የእህትሽ ፍርሃትም ከንቱ አይደለም። ቴነሲ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ከ1985 ጀምሮ ተማሪም አስተማሪም በዕጣ ተመድበው፣ ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለው ክፍል ከ22 እስከ 25 ካለው ጋር ተነጻጽሯል። በትንሹ ክፍል የነበሩት በንባብም በሒሳብም በልጠው ተገኙ፤ በተለይ የድሃ ልጆች። የእነሱ «ትልቅ» ክፍል ለብዙዎቻችን ትንሽ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ መምህር ስልሳ ሁለት ልጅ ይዘው የሠሩት ከባድ ነው፤ ከሁሉም አስተማሪ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም።

የበኩሬ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የተናገሩትን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልጄ አሁን የት እንዳለ በምን ልወቅ? ሪፖርት ካርዱን ከእንግዲህ አላምነውም።

ጡረተኛው መምህር

አንዲት ወረቀት ይበቃሻል። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ከ2005 ጀምሮ ቤት ለቤት ልጆችን የሚፈትንበት መንገድ ነው፤ እኔ የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አራት ደረጃ አለው። ጥቂት ፊደላት በተርታቸው ሳይሆን አዘበራርቀሽ ጻፊ። ከዚያ ቀላል ቃላት። ከዚያ አራት ዓረፍተ ነገር ያላት አንቀጽ። ከዚያ ትንሽ ረዘም ያለ ታሪክ። ከደብተሩ አትውሰጂ፤ ራስሽ ፍጠሪው። ልጁ በምቾት የሚያነበው የመጨረሻ ደረጃ ነው ልጅሽ ያለበት። ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል፤ ከክፍሉ መጽሐፍ ገጽ አይደለም። እነሱም ልጆቹን በክፍል ሳይሆን በደረሱበት ከፍለው ነው የሚያስተምሯቸው።

አትቆጪው። ሰዓትም አትያዥበት።

የበኩሬ እናት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ወረቀቷን አዘጋጀሁ። ፊደሎቹን አወቃቸው፤ ሦስት ብቻ ተሳሳተ። ቃላት ላይ ከአሥሩ ስድስት አነበበ። አንቀጹ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ገልብጦ «ይሄን አልተማርነውም» አለኝ። ስለዚህ ልጄ ቃል ላይ ነው ያለው። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት አብረን እናነባለን። ትናንት ስምንት ደረሰ።

ሁለቱንም ትምህርት ቤት አየሁ። የልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ደብተር አሳዩኝ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድም ስህተት የለባቸውም። ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ስሄድ ርእሰ መምህሯ መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ወደ ሁለት ክፍሎች ወሰደችኝ። አንደኛው ክፍል ውስጥ ያየሁት ደብተር ግማሹ ባዶ ነበር። ቀጥሎ ያለው ክፍል አስተማሪ ግን ጥጉ የተጣጠፈ አንድ ደብተር ሰጠኝ። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው። ከሥሩ በልጅ እጅ የተስተካከለ ቃል ሞልቶበታል። ልጆቹ ሃምሳ አራት ናቸው። ግድግዳና ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ደመወዝ።

የእሱ ክፍል ውስጥ ቦታ አለ ተብሏል። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ልናዛውረው ወስነናል። ለክፍያ ከምናወጣው የተወሰነውን ለመጽሐፍ እናደርገዋለን።

የሦስት ልጆች አባት

መልካም ይሁንልሽ። እኔም የመጨረሻዋን ልጄን ደብተር አየሁ። አልዋሽሽም፣ ደነገጥኩ። ላዛውራት አላሰብኩም፤ ግን አስተማሪዋን «ኤክስ አድርጊባት፤ እኔ አልደውልም» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አመሰገነችኝ።

ጠመኔ በእጄ

የበኩሬ እናት፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅሽን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት ያቺን ወረቀት ለአሁኗ አስተማሪው አሳዪያት። ቢሮ ሳይሆን ለእሷ። ልጅሽ ብቻውን አይደለም የሸመደደው። አብረውት በጋራ ሲሉ የነበሩት ልጆች እዚያው ይቀራሉ፤ እናቶቻቸው ዛሬም «በጣም ጥሩ» የሚለውን እያዩ ነው። እሷ ከቀጠሯት ገና ሁለት ወሯ ይሆናል። ማን ምን እንደሚችል የሚነግራት የለም።

የበኩሬ እናት

እውነትሽን ነው። ስለ ሌሎቹ አላሰብኩም ነበር። አሥር ወረቀት ቅጂ አወጣለሁ። ነገ ጠዋት ደወል ከመደወሉ በፊት እሄዳለሁ።